ግቢ የሚፈተነው በየካቲት ነው

መስከረም ላይ የገባሁበት አንድ ግቢ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎ ቆይቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ፣ ከቤቱ የተረፈው ቦታ 90 ካሬ የሚሆን የተለመደ ግቢ ነው። 60 ካሬው የኪኩዩ ሳር፣ በአጥሩ ዙሪያ የፈረንጅ ጽድ፣ ከበሩ ግራና ቀኝ ጽጌረዳ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ሁሉም ለምልሟል፤ የመጣ እንግዳ እዚያ ቆሞ ፎቶ ሳይነሳ አይሄድም። የካቲት ላይ ስመለስ ሳሩ የጤፍ ጭድ መስሏል። ጽጌረዳው ቅጠሉን አራግፏል። ጽዱ ከሥሩ ቡናማ ሆኖ አናቱ ላይ ብቻ አረንጓዴ ቀርቶታል። የቤቱ ባለቤት፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ የውሃውን ጎማ እንደያዙ «በየቀኑ አጠጣዋለሁ እኮ! ምን አጎደልኩበት?» አሉ።

እሳቸው ያጎደሉት ነገር አልነበረም። ጧት ማታ ከግቢው ጋር ናቸው። የጎደለው ሥራው ከመጀመሩ በፊት መታሰብ የነበረበት ነገር ነው። ግቢው የተነደፈው ለመስከረም ነበር፤ በመስከረም ደግሞ የማያምር መሬት የለም፣ የአስፋልት ዳር ቦይ እንኳ አበባ ያወጣል። አንድ ግቢ መልኩና ልፋቱ የሚታወቀው ዝናቡ ከቆመ ወራት አልፈው፣ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ፣ በልጉ ይዘንባል አይዘንብም በሚባልበት በየካቲት ነው። በየካቲት ማየት የምትፈልጉትን ግቢ ካሰባችሁ መስከረም ራሱን ይችላል።

ውሃው በበሩ ሥር ወጣ

ነገሩ የተገለጠልኝ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ የጀመረ ዶፍ 40 ደቂቃ ያህል ወረደ። ከቆርቆሮው ጣሪያ የተሰበሰበው ውሃ በአሸንዳው መጥቶ፣ በቧንቧው ወርዶ፣ ሲሚንቶው ላይ ተፈጠፈጠ። ከዚያ ሳሩን በጎን አልፎ፣ በብረት በሩ ሥር ሾልኮ፣ አስፋልቱን ይዞ ቁልቁል ሄደ። ግድግዳው ሥር በበጋ ውሃ የሚጠራቀምባቸው ቢጫ ጄሪካኖች ባዶአቸውን ተደርድረው ቆመዋል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚባለው ለትልቁ ወንዝ ብቻ አይደለም፤ በየሰኔው በየግቢያችን በር ሥር ይፈጸማል።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። የዚያ ቤት ጣሪያ 80 ካሬ ነው። 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በአንድ ከሰዓት 2,400 ሊትር ማለት ነው፤ ትልቁን ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሞልቶ ይተርፋል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። በመርጨትና በመፍሰስ አንድ አምስተኛው ይጥፋ ብንል እንኳ ከዚያ ጣሪያ ብቻ በዓመት ከ60,000 ሊትር በላይ ይወርዳል። በሌላ በኩል 60 ካሬ ሳር በበጋ አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ በካሬ በቀን 3 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። በቀን 180 ሊትር፣ ማለትም 9 ጄሪካን ነው፤ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባሉት 120 ቀናት 21,600 ሊትር። እንግዲህ ከጣሪያው የሚወርደው ሳሩ ከሚፈልገው ሦስት እጥፍ ነው፤ ሆኖም አብዛኛው በአራት ወር ውስጥ መጥቶ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ታዲያ ሮቶ ልጨምር» ይላል። አንድ ሮቶ ጥሩ ነው፤ ሁለትም ይጠቅማል። 60,000 ሊትር ለማጠራቀም ግን 30 ሮቶ ያስፈልጋል። ትልቁ የውሃ ማጠራቀሚያ ከእግራችን ሥር ያለው መሬት ነው። ደህና አፈር በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ተክል ሊመጠው የሚችል 150 ሊትር ገደማ ውሃ ይይዛል። 10 ካሬ ስፋት ያለው የተክል መደብ 60 ሳንቲ ሜትር ድረስ ከለሰለሰ 900 ሊትር ያቆያል፤ ክዳንና ቧንቧ አይፈልግም፣ ዋጋውም የአንድ ጊዜ ቁፋሮ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ግቢ ሳስብ የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ምን ልትከል?» መሆኑ ቀርቷል። «ውሃው ከየት ገብቶ፣ የት አርፎ፣ በየት ይወጣል?» ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። በመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ውሃው የሚሄድበትን መንገድ በወረቀት ላይ በቀስት ሥሩ። ይህን ሥዕል በበጋ ማንም ሊሥለው አይችልም። ከአሸንዳው የሚወርደው ቧንቧ መጀመሪያ ሮቶው ውስጥ ይግባ። በመግቢያው ላይ ቅጠል የሚያስቀር ወንፊት፣ በሌሎቹ ቀዳዳዎች ላይ ደግሞ ትንኝ የማያስገባ ጥቅጥቅ ያለ መረብ ያስፈልጋል። የግንቦትና የሰኔ መጀመሪያ ዝናብ የበጋውን አቧራና የወፍ ኩስ ከጣሪያው ጠርጎ ስለሚያመጣ ያንን ወደ ውጭ መልቀቅ ነው፤ አለዚያ ዝቃጩ ከሮቶው ሥር ይቀመጥና በኋላ የጠብታ መስኖውን ይደፍነዋል። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ 2 ቶን ይመዝናል። ስለዚህ በብሎኬት ክምር ላይ ሳይሆን በደንብ በተሠራ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት መቀመጫ ላይ፣ ከተቻለ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ሮቶው ሲሞላ ተርፎ የሚፈሰው ውሃ መውጫው ወደ ተክሉ መደብ እንጂ ወደ ጎዳናው አይሁን።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ውሃ የሚሰርግበት ጉድጓድም ሆነ መደብ ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። ከቤቱ አጠገብ ያለው መሬት ሁሉ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር እየወረደ ወደ ውጭ ያዘንብል። ይህ በተለይ በጥቁር መሬት ላይ ቸል የሚባል አይደለም፤ ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም አብሮ ይሰነጥቃል።

ጥቁር መሬት፣ ቀይ መሬት፣ ገረጋንቲ

ለአዲስ አበባ ሰው «ምን ዓይነት አፈር አለህ?» ቢባል መልሱ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ወደ እንጦጦ በኩል ቀይ አፈር፣ ወደ ቦሌና አቃቂ በኩል ጥቁር አፈር፣ በአዲስ የተሠራ ቤት ከሆነ ደግሞ ተጠቅጥቆ የተደለደለ ገረጋንቲ። ከሁሉም የሚከፋው ሦስተኛው ነው። ግንበኞቹ ሲወጡ ሲሚንቶው፣ ኖራው፣ ስባሪ ብሎኬቱ ከሥር ይቀበርና ላዩን 5 ሳንቲ ሜትር አፈር ይለብሳል። ሳሩ ለአንድ ክረምት ያምራል። ዛፉ በሁለተኛው ዓመት መቀጨጭ ይጀምራል፤ ሥሩ የሲሚንቶ ድስት ውስጥ እንደተተከለ ያህል ዙሪያውን ይዞራል። እንዲህ ዓይነት ግቢ ላይ ማዳበሪያ መጨመር ገንዘብ መጣል ነው። ተክል የሚገባበትን ቦታ ብቻ ለይቶ በዲጂኖ መስበር፣ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሮ ፍርስራሹን ማውጣትና በጥሩ አፈር መተካት ያስፈልጋል። መንገድና መቀመጫ የሚሆነው ቦታ ገረጋንቲው እንዳለ ይቆይ፤ ለኮብልስቶን ከዚያ የተሻለ መሠረት አይገኝም። ንድፉ በወረቀት ላይ ቀድሞ ማለቅ ያለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ የማይተከልበትን ቦታ ያወቀ ሰው ከግማሹ ቁፋሮ ይድናል።

አፈሩ ውሃ እንዴት እንደሚያሰርግ ለማወቅ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ውሃ ሙሉበትና እስኪሰርግ ጠብቁ። ከዚያ እንደገና ሙሉና በአንድ ሰዓት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደወረደ በእንጨት ለኩ። 2 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከወረደ ጥሩ ነው። ከ1 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ እዚያ ቦታ ውሃ ማስረግ አይታሰብም፤ ክረምቱን የተክሉ ሥር ይበሰብሳል።

ከዚህ አንድ ቀላል ሕግ ይወጣል። በቀይ መሬት መደቡ ከመንገዱ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ውሃው ከመንገዱ ወደ መደቡ ይግባ። በጥቁር መሬት መደቡ ከመንገዱ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ የክረምቱ ውሃ በመደቦቹ መካከል ባለው ቦይ ይውጣ። የሸዋ ገበሬ ጥቁር ማሳው ላይ በቦይ የሚያጠነፍፈው፣ ሽምብራውንም ክረምቱ ሊያልቅ ሲል የሚዘራው በዚሁ ምክንያት ነው። የከተማው ሰው ግን ሁለቱንም መሬት አንድ አድርጎ ያስተካክልና በእኩል ደረጃ ላይ ይተክላል። ጽጌረዳ በጥቁር መሬት ላይ በነሐሴ ቅጠሉ ሲበጫ ብዙ ሰው «ምግብ አጥቶ ነው» ብሎ ማዳበሪያ ይጨምርለታል። የቸገረው ግን አየር ነው።

መደቡ ከሁለት ወገን የሚደረስበት ከሆነ ስፋቱ 1.2 ሜትር፣ ከአንድ ወገን ብቻ ከሆነ 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከዚያ ከሰፋ ለማረም ሲባል ይረገጣል፤ እርጥብ ጥቁር አፈር አንድ ጊዜ ከተረገጠ ደርቆ ብሎኬት ይሆናል። አሸዋ መቀላቀልም አይረዳም። ጥቂት አሸዋ በብዙ ሸክላማ አፈር ላይ ሲጨመር ይበልጥ ያጠነክረዋል። የሚረዳው በየዓመቱ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ኮምፖስት ወይም የበሰለ ፍግ ከላይ ማልበስ ነው፤ መቀላቀሉን ትሎቹ ይሠሩታል።

ሳሩን ማሳነስ

ይህን ስናገር ብዙ ሰው ቅር ይለዋል፤ ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በግቢ ውስጥ ከሳር የበለጠ ውሃና ጉልበት የሚበላ ነገር የለም። በክረምት በየሳምንቱ ወይም በየ10 ቀኑ ማጨድ ይፈልጋል፤ በበጋ 9 ጄሪካን በየቀኑ። እሱን በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ማርከፍከፍ ደግሞ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ላዩ 2 ሳንቲ ሜትር ይረጥባል፣ ሥሩም ውሃውን ፍለጋ ወደ ላይ ይመጣል፣ አንድ ቀን ውሃ ሲቀር መጀመሪያ የሚደርቀው ላዩ ነው። የእኚያ የግቢው ባለቤት ጥያቄ መልስ ግማሹ እዚህ ላይ ነበር። ትጋታቸው ሳሩን ጥልቅ ሥር እንዳያወጣ አድርጎታል።

ሳር ለሚቀመጡበትና ልጆች ለሚጫወቱበት ቦታ ብቻ ይሁን። 3 ሜትር በ4 ሜትር ለቡናም ለጨዋታም ይበቃል፤ የውሃው ፍላጎትም ከ60 ካሬ ወደ 12 ካሬ ሲወርድ ከ9 ጄሪካን ወደ 2 ጄሪካን ይጠጋል። ጠርዙ ቀጥ ያለ ወይም ሰፋ ብሎ የዞረ ይሁን፤ ሹል ጥግና ጠባብ ምላስ ማጨጃ አይደርስበትም፣ ቁጭ ብሎ በማጭድ ማጨድን ያመጣል። በዙሪያው 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሳሩ ጋር እኩል ሆኖ ይነጠፍ፤ የማጨጃው ጎማ በላዩ ላይ ይሄዳልና ጠርዝ በመቀስ መከርከም ይቀራል። ከድንጋዩ ሥር ደግሞ 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች የሚወርድ ግድብ፣ ቀጭን ብሎኬትም ቢሆን፣ ካልተቀበረ ኪኩዩ በሥሩ ተስቦ መደቡ ውስጥ ይገባል። አንዴ ከጽጌረዳ ሥር ከገባ ጽጌረዳውን ሳይነቅሉ እሱን መንቀል አይቻልም።

ሳሩ በበጋ እንዲበጫ መተውም ይቻላል። ኪኩዩም ሰርዶም ሲደርቁ የሞቱ ይመስላሉ እንጂ ሥራቸው ይኖራል፤ ዝናብ ሲመጣ ይመለሳሉ። 12 ካሬ ቢጫ ሳር በአረንጓዴ መደቦች መካከል ሲሆን ለዓይን አይከፋም።

ቅጠል ከአበባ ይቀድማል

አበባ ለሳምንታት ነው፣ ቅጠል ለዓመት። ስለዚህ ተክል ስትመርጡ «ሲያብብ ምን ይመስላል?» ከማለት በፊት «የካቲት ላይ ቅጠሉ ምን ይመስላል?» በሉ። ሰፊ ቅጠል ከጠባብ፣ ብርማው ከጥቁር አረንጓዴ ሲገናኝ ያለ አንድ አበባ ያምራል። ኮባ በአንድ ጥግ ቢቆም፣ ከሥሩ ጠጅ ሳር፣ ከፊቱ የሥጋ መጥበሻ፣ ጠርዙ ላይ አሪቲ ወይም ጦስኝ፤ ይህ ዓመቱን ሙሉ የሚታይ ሥዕል ነው፤ ከዚያም ላይ ለድፎ ዳቦ ቅጠል፣ ለሻይ፣ ለጥብስ፣ ለቡና ቁርስ ሽታ ይገኝበታል። ኮባ ነፋስ ቅጠሉን ስለሚሰነጥቀው በግድግዳ ወይም በአጥር ተከልሎ ይተከል። አንዴ አብቦ ካፈራ ተክሉ በሙሉ እንደሚሞትም ይታወቅ፤ የሚተካው ችግኝ አስቀድሞ ይዘጋጅ።

የተክል ዓይነት ይቀንስ፣ ቁጥሩ ይብዛ። ችግኝ መሸጫ ሲገቡ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ መውሰድ ያጓጓል፤ ውጤቱ ግን እያንዳንዱ የየራሱን ውሃ፣ የየራሱን መግረዝ የሚጠይቅ 30 ዓይነት ተክል ነው። ለ90 ካሬ ግቢ ከ6 እስከ 8 ዓይነት ይበቃል፤ እያንዳንዱ በሦስትና በአምስት ተሰባስቦ፣ ከአንድ ቦታ በላይ ተደጋግሞ። ተሰባስበው የቆሙ ተክሎች ሲያድጉ መሬቱን ይሸፍኑታል፣ አረሙ ፀሐይ ያጣል። ርቀቱ የሚለካው በችግኙ መጠን ሳይሆን በሦስት ዓመቱ መጠን ነው። ለሥጋ መጥበሻ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ለጠጅ ሳር 80፣ ለጤና አዳም 50 ቢሆን መጀመሪያ ባዶ ይመስላል፤ ባዶውን በሶብላ ለአንድ ዓመት ይሙላው። ጤና አዳም ሲቆረጥ ጓንት ይደረግ፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውሃም ያስቋጥራል።

አጥር ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በፈረንጅ ጽድ ነው። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ያድጋል፣ ቶሎ ይከልላል። ግን በዓመት 3 ወይም 4 ጊዜ ካልተከረከመ ዛፍ ይሆናል። አንዴ ካመለጠ በኋላ ወደ ኋላ ሲቆረጥ ቡናማው እንጨት አረንጓዴ አያወጣም፤ ያ የካቲት ላይ ያየሁት አጥር ከሥሩ ቡናማ የሆነው ለዚህ ነው። ሰንሰል በአንጻሩ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢሰካ ይበቅላል፣ እስከ ጉልበት ቢቆረጥም መልሶ ያቆጠቁጣል። ቦታ ካለ ደግሞ ቀጋና ጠምበለል አንድ ላይ በሽቦ አጥር ላይ ቢለቀቁ በየጊዜው መከርከም አይፈልጉም፤ በዓመት አንድ ጊዜ ማሳሳት ይበቃል። ቡጌንቪላ የሚወድ ሰው ውሃውን ይቀንስበት። ብዙ የጠጣ ቡጌንቪላ ቅጠል እንጂ አበባ አያበዛም።

ፀሐይን በተመለከተ ብዙ የአትክልት መጽሐፍ የተጻፈው ለእኛ ሰማይ አይደለም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታጋድላለች፤ በበጋ ደግሞ በደቡብ በኩል ናት። ስለዚህ ከቤቱ በስተ ደቡብ ያለው መደብ ውሃ በሚያጥርበት ወቅት ቀኑን ሙሉ ይጠበሳል። በታኅሣሥ እኩለ ቀን 3 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ ወደ ሰሜን 2 ሜትር የሚጠጋ ጥላ ይጥላል። በደቡብ በኩል እሬት፣ የሥጋ መጥበሻ፣ ቡጌንቪላ፤ በሰሜን በኩል በዚያ የ2 ሜትር ጥላ ውስጥ ኮባና ነጩ ካላ አበባ። ይህ ብቻ ከቦታው ጋር የሚጣላ ተክልን ከማስታመም ያድናል።

ዛፍ ላይ አጭር እሆናለሁ። ዝግባና ዋንዛ ግሩም ዛፎች ናቸው፤ ለ90 ካሬ ግቢ ግን ይገዝፋሉ። ወይራ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ መግረዝ ይችላል፣ ድርቅ ይችላል፤ ከግድግዳ 4 ሜትር ርቆ አንድ ብቻ ይበቃል። ጌሾ እንደ ትንሽ ዛፍ ሆኖ ሲገረዝ የሚያብለጨልጭ ቅጠሉን የሚያህል የለም፤ እንደ ጌጥ የሚያየው ሰው ማነሱ ያሳዝነኛል።

ጉዝጓዝ

ከሁሉም ሥራ ትልቁን ዋጋ የሚመልሰው አፈሩን ማልበስ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ መሬቱ ገና እርጥብ ሳለ፣ መደቡ በሙሉ ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ጉዝጓዝ ይልበስ። ታኅሣሥ ላይ ደርቆ ከተሰነጠቀ በኋላ ማልበስ ድርቀቱን መክደን ነው። የጤፍ ጭድ፣ ዘር ያልያዘ ደረቅ ሣር፣ የቡና ገለባ፣ የረገፈ ቅጠል፣ ሁሉም ይሆናል። የጤፍ ጭድ ነፋስ ስለሚወስደው ተረጭቶ ይጠቅጠቅ። የባህር ዛፍ ቅጠል ግን መንገድ ላይ እንጂ መደብ ላይ አይደረግ፤ ትንንሽ ተክልን ያቀጭጫል። ጉዝጓዙ ከግንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ግንድን ተጠግቶ የረጠበ ገለባ ቅርፊቱን ያበሰብሳል። አዳማና ሐዋሳ በመሰሉ፣ ምስጥ በሚያስቸግርባቸው ቦታዎች ጭዱ ምስጥ ይጠራልና በድንጋይና በጠጠር መተካቱ ይሻላል።

ስለ ጠጠር ካነሳሁ፣ ጠጠር ሥር ላስቲክ ማንጠፍ አሁን አሁን ፋሽን ሆኗል። «አረም አያበቅልም» ይባላል። ለአንድ ዓመት እውነት ነው። ከዚያ የበጋው አቧራ በጠጠሩ መካከል ይቀመጣል፣ የአረም ዘር ላዩ ላይ ይበቅላል፣ ሥሩም ላስቲኩን ይዞ አልነቀል ይላል። ከላስቲኩ በታች ያለው አፈር ደግሞ ዝናብም አየርም አጥቶ ይሞታል። ጠጠር ካስፈለገ በመንገዱና በመቀመጫው ላይ፣ 10 ሳንቲ ሜትር በተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ላይ ይደረግ።

ሰርዶ የወረረው ቦታ ካለ በዶማ አትክተፉት። እያንዳንዱ ቁራጭ አዲስ ሰርዶ ይሆናል። ከሥሩ በሹካ መቆፈሪያ ፈልፍሎ ማውጣት፣ ከዚያ የካርቶን ሣጥን ፈትቶ ሁለት ድርብ ማንጠፍ፣ ጠርዙን 20 ሳንቲ ሜትር ማደራረብ፣ በደንብ ማርጠብና 10 ሳንቲ ሜትር ጉዝጓዝ መጫን። ስድስት ወር ይቆይ። በየጠርዙ ብቅ የሚለውን በየሳምንቱ መንቀል ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለአረም የተነገረ እስኪመስል ድረስ እዚህ ላይ ይሠራል። ዘር ሳያወጣ የተነቀለ አንድ መጭ፣ በኋላ የሚነቀሉ መቶዎችን ያስቀራል።

መስከረም ላይ አትትከሉ

አብዛኛው ሰው ለመትከል የሚነሳሳው መስከረም ላይ ነው፤ አዲስ ዓመት ነው፣ ምድሩ ያምራል፣ ችግኝ መሸጫው በአበባ ተሞልቷል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መስከረም ላይ የገባ ችግኝ ሥሩን ሳይዘረጋ ከ4 ወይም ከ5 ሳምንት በኋላ ዝናቡ ያልቃል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ይጠብቀዋል፤ በጋውን ሙሉ የባለቤቱ ሸክም ይሆናል። ጉድጓዱ ግንቦት ላይ ይቆፈር፤ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ ከችግኙ ሥር ጋር እኩል። ተከላው አፈሩ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ሲረጥብ፣ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ይሁን። ጥቁር መሬት ላይ ከሆነ ከፍ ባለው መደብ ላይ ብቻ፣ ውሃ የሚተኛ ከሆነም እስከ ነሐሴ አጋማሽ ጠብቆ።

ችግኙ የመጣበት ላስቲክ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ከሥሩ ብቻ ቀዶ መትከል የተለመደ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ዛፉ በነፋስ ሲወድቅ ላስቲኩ ሥሩን እንደ ቀበቶ አንቆት ይገኛል። በክብ የዞሩ ሥሮች ካሉ በቢላ ሁለት ሦስት ቦታ ይቆረጡ። ግንዱና ሥሩ የሚለያዩበት አንገት ከመሬቱ እኩል ይሁን፤ ቀብሮ መትከል ቀስ ብሎ ይገድላል። በበጋ በዙሪያው 1 ሜትር ስፋት፣ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ቀለበት ተሠርቶ በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ሙሉ ጄሪካን፣ 20 ሊትር፣ ቀስ ተብሎ ይፍሰስ። በየቀኑ 3 ሊትር ከመስጠት በሳምንት 20 ሊትር አንድ ጊዜ መስጠት ሥሩን ወደ ታች ይመራዋል። በሁለተኛው በጋ በየሁለት ሳምንቱ፤ በሦስተኛው ወይራና ጌሾ ያለ ውሃ ይቆማሉ።

ጠብታ መስኖ የሚዘረጋ ሰው በ1.2 ሜትር መደብ ላይ ሦስት መስመር፣ ቀዳዳው በየ30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃዋል። ከሮቶው መውጫ ላይ ማጣሪያ ይግባ፣ በወር አንዴ የመስመሮቹ ጫፍ ተከፍቶ ዝቃጩ ይለቀቅ። መስመሩ ከጉዝጓዙ ሥር ይሁን፤ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ላስቲክ ቶሎ ይሰነጠቃል።

የመጨረሻው መደብ ለአደይ ይተው። በበሩ አጠገብ 2 ካሬ ቢሆን እንኳ። አደይ የአንድ ዓመት ተክል ነው፤ ዘሩ ራሱ ወድቆ ራሱ ይበቅላል፣ ውሃም ማዳበሪያም አይጠይቅም። የሚገድለው የእኛ ጽዳት ነው። አበባው ሲጠወልግ ጥቅምት ላይ «ቆሸሸ» ተብሎ ይነቀላል፤ ዘሩ ግን ገና አልበሰለም። እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆሞ ይድረቅ። ታኅሣሥ ላይ አገዳው ይታጨድና እዚያው ላይ በስሱ ይነጠፍ፤ ግንቦት ላይ የቀረው ተገልጦ መሬቱ ፀሐይ ያግኝ። ሐምሌ ላይ የሚወጣው ችግኝ ቅጠሉ የተበጣጠሰ ነው፣ ለማያውቅ ሰው አረም ይመስላል። ስለዚህ ለሚያርመው ሰው፣ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት፣ ጎንበስ ብሎ ያንን ቅጠል ማሳየት ያስፈልጋል።